የሴት ተማሪዎች የሳይንስና የሒሳብ ኮንፈረንስ በሀዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች በ96 ተማሪዎች፣ በ12 ትምህርት ቤቶችና በአንድ ቅዳሜ ልክ የተሰሉ ናቸው። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ካላችሁ የሚቀንሰው የገበያው ዝርዝር ነው፤ አሠራሩ ያው ነው።

ለስንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሁን?

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ 11ኛ ክፍል ላይ ስለሚመጣ፣ ከዚያ በኋላ የተደረገ ኮንፈረንስ ለብዙዎቹ ካለፈ በኋላ የመጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በብሔራዊ ፈተናው ሐሳብ ተይዘዋል፤ ብትጠሯቸውም ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ያጠናሉ። 7ኛና 8ኛ ክፍሎችን መጨመር የሚፈልጉ አስተባባሪዎች አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ቀን ይያዝላቸው። 13 ዓመት የሆናት ልጅ 16 ዓመት ከሆናት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ዕቃውን አትነካም።

ለምን 96? ለምን 200 ወይም 300 አይሆንም?

አዳራሽ ሙሉ ልጅ ለፎቶ ያምራል። ነገር ግን ልጅቷ ይዛ የምትሄደው በእጇ የሠራችውን ነው፤ እጇ ዕቃው ላይ የሚደርሰው ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ አራት ሆነው ሲቀመጡ ብቻ ነው። አምስተኛዋ ተመልካች ትሆናለች። አንድ ክፍል አራት ጠረጴዛ ይይዛል፣ ማለትም 16 ልጅ። ስድስት ክፍል ሲሆን 96 ይመጣል። ስድስት ክፍል የሚከፍትላችሁ ካላገኛችሁ በሦስት ክፍል 48 ልጅ አድርጉት እንጂ በአንድ ክፍል 32 አትጨምሩ።

ከ12 ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 8 ተማሪ ይልካሉ። ልጆቹን ስትመድቡ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡትን አንድ ላይ አትተዉ፣ ለየብቻም አትበትኑ፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አከፋፍሉ። ቀመሩ ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤቶቹን በሦስት በሦስት አስቀምጡ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ጥንዶች ወደ ቡድን 1፣ 2፣ 3 እና 4፤ የሁለተኛው ወደ 5፣ 6፣ 1 እና 2፤ የሦስተኛው ወደ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ይገባሉ። ይህ አራት ጊዜ ሲደገም እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ጥንድ፣ ማለትም 16 ልጅ ይደርሰዋል።

ተማሪዎቹን ማን ይምረጥ?

ነገሩን ለትምህርት ቤቱ ብቻ ከተዋችሁት ከአንድ እስከ ስምንት የወጡት ይመጣሉ። እነሱ ከኮንፈረንሱ በፊትም ተፈጥሮ ሳይንስ ሊገቡ የወሰኑ ናቸው። በደብዳቤው ላይ በግልጽ ጻፉት፦ ሦስት በውጤት፣ ሦስት በራሳቸው ፍላጎት አንድ አንቀጽ ጽፈው ያመለከቱ፣ ሁለት ደግሞ የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር «ትችላለች ግን እጇን አታወጣም» የሚሏቸው። ዘጠነኛ ተጠባባቂም ይመዝገብ፤ የቅዳሜ ገበያ፣ የታመመ ታናሽ ወንድም፣ የቤት ሥራ ጫና ሁሌም አንዷን ያስቀራታል።

ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት መምህርት አብራ ትምጣ። በሳይንስ ክፍሉ ሴት መምህርት ከሌለች የሴቶች ክበብ ተጠሪዋ ትበቃለች።

መቼ ይደረግ?

ቅዳሜ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሥራ ቀን ደግሞ ክፍለ ጊዜ ያስቀራል። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተሰቦች ቅዳሜን ስለሚያከብሩ ግን ደብዳቤው ሲሄድ ቀኑ ጎልቶ ይጻፍ፤ ልጅቷ ከተመዘገበች በኋላ ከቤት ጋር እንዳትጋጭ።

ከወራቱ የሚሻለው የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ነው። የጥር ፈተና አልፏል፣ የሰኔው ገና ነው። ዓለም አቀፉ የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11፣ በእኛ የካቲት 4 (ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት የካቲት 3) ይውላል፤ ዘንድሮ ወደ ቅዳሜ የሚጠጋ ከሆነ ለስፖንሰር ደብዳቤ ጥሩ ምክንያት ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የዘንድሮውን አረጋግጡ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላም ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ፤ በዓሉ ላይ ከተደረበ ግማሹ ልጅ አይመጣም፣ ሊመጣም አይገባም።

ቦታና ፈቃድ ከየት ይጀመራል?

ከ12 ሳምንት በፊት፣ ከቦታው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመራጭ ነው። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ እያለ በሩን ተሻግረው የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ያንን በር መሻገራቸው ራሱ የቀኑ አንድ ሥራ ነው። ካልተቻለ ስድስት ክፍል በአንድ ሕንፃ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ይበቃል።

ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ይሂድ፦ ለቦታው ባለቤት፣ ለከተማው ትምህርት መምሪያ፣ ለርዕሳነ መምህራኑ። የመምሪያው ድጋፍ ደብዳቤ ሳይያዝ ትምህርት ቤት ቢኬድ «መጀመሪያ ከመምሪያ» ተብሎ መመለስ ነው። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ፤ ሳምንት ቆይታችሁ ስትጠይቁ «አልደረሰንም» የሚለው መልስ የሚዘጋው በዚያ ቁጥር ነው።

የቅዳሜ ግቢ ከሰኞ ግቢ ይለያል። ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ ውሃው ይቋረጣል፣ ጥበቃዎቹ ፈረቃ ይቀይራሉ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሂዱና መጸዳጃ ቤቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ቧንቧውን ፈትሹ። የስም ዝርዝሩን ዓርብ ከሰዓት ለበሩ ጥበቃ ስጡ፤ ቅዳሜ ለሚገባው ፈረቃም ሌላ ቅጂ ተዉ። ልጆቹ የትምህርት ቤት መታወቂያ ይያዙ። ይህ ካልሆነ 96 ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲፈተሽ 40 ደቂቃ ይበላል።

የቀኑ ፕሮግራም ምን ይምሰል?

ከ2:00 እስከ 2:45 ምዝገባ፣ ሻይና ዳቦ። 2:45 መክፈቻ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ከ3:15 እስከ 4:15 የመጀመሪያው ዙር፣ ከ4:30 እስከ 5:30 ሁለተኛው ዙር፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ምሳ። ከ6:30 እስከ 7:30 ሦስተኛው ዙር፤ ከ7:40 እስከ 8:20 ከባለሙያዎች ጋር ጥያቄና መልስ። 8:45 ላይ ሁሉም ይወጣል። ምሽት እንዳይነካ ቤተሰብ አጥብቆ ይጠይቃል፣ ልክም ነው።

ሦስተኛው ዙር ከምሳ በኋላ የገባው በምክንያት ነው። በሀዋሳ የቀትር ሙቀት ላይ በሆድ ሙሉ ንግግር ማዳመጥ ማለት መተኛት ነው፤ እጅ ሲሠራ ግን ዓይን አይከደንም።

ቡድን 1፣ 2 እና 3 በክፍል ሀ፣ ለ እና ሐ ይዘዋወራሉ፤ ቡድን 4፣ 5 እና 6 ደግሞ በመ፣ ሠ እና ረ። በየዙሩ መካከል ያለው 15 ደቂቃ ለልጆቹ መጸዳጃ፣ ለአሠልጣኙ ጠረጴዛ መጥረጊያ ነው። ይህን ክፍተት ያሳጠረ ሰው ሦስተኛውን ዙር ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል።

የክብር እንግዳው ቢዘገዩስ?

ይዘገያሉ። ፕሮግራሙን በእሳቸው ላይ አትስቀሉት። መክፈቻውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይክፈቱት፦ «በአንድ ቡድን ያላችሁ 16 ልጆች እያንዳንዳችሁ ከእያንዳንዷ ጋር አንድ ጊዜ ብትጨባበጡ ስንት የእጅ መጨባበጥ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅና እንዲሠሩት መተው ነው። መልሱ 16 ሲባዛ 15፣ ሲካፈል ለ2፣ 120 ነው፤ ሲጨባበጡ ደግሞ ስም ይተዋወቃሉ። እንግዳው ሲደርሱ በምሳ ሰዓት ወይም ሰርተፍኬት ሲሰጥ አምስት ደቂቃ ይናገራሉ። ይህ ከቀኑ በፊት ለጸሐፊያቸው በጽሑፍ ይነገር እንጂ በሩ ላይ አይሁን።

ምን ምን ወርክሾፕ ይያዝ? መብራት ቢጠፋስ?

ሁሉም ያለ መብራት የሚሠራ ይሁን። ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር ስትፈልጉ ከምታጠፉት ጊዜ ሌላ ሙከራ መለማመድ ይሻላል። የምንመክራቸው ስድስቱ፦ በሀ አሲድና ቤዝ በከርከዴ መለየት፣ በለ የሎሚ ባትሪ፣ በሐ የባሕረ ሐሳብ (የዘመን አቆጣጠር) ስሌት፤ በመ ዲኤንኤ ከሙዝ፣ በሠ የወረቀት ድልድይ፣ በረ ከፍታ መለካት። በዚህ አደላደል እያንዳንዷ ልጅ አንድ ሒሳብና ሁለት ሳይንስ ታገኛለች።

ዕቃ ሲቆጠር አንድ ነገር አትርሱ፦ እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። አራት ጠረጴዛ በሦስት ዙር 12 ስብስብ ነው። «አራት ጠረጴዛ» ብሎ የገዛ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ባዶ እጁን ይቀራል።

የከርከዴው እንዴት ይሠራል?

ደረቅ ከርከዴ በአሲድ ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ በቤዝ ውስጥ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 10 ግራም ከርከዴ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ማጥለል ነው፤ ለሦስቱ ዙር ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ግልጽ ኩባያ፣ በእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር ከርከዴ ይቀመጣል። በየኩባያው አንድ አንድ ነገር ይጨመራል፦ የሎሚ ጭማቂ፣ አቼቶ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ የተጣራ የአመድ ውሃ። ከኩባያው ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፣ ካልሆነ ቀለሙ ከጠረጴዛው ጋር ይምታታል።

የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከርከዴው ራሱ አሲድ ስለሆነ ወፍራም ከተዘፈዘፈ ደካማውን ቤዝ ይውጠውና ሳሙናው ምንም አልለወጠም ይባላል። ሁለተኛ፣ በቤኪንግ ሶዳ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር ይገዛል፤ ፓውደሩ ውስጥ አሲድም ስላለ አረፋ ያወጣል፣ ቀለሙም ግራ ያጋባል። ሦስተኛውና አደገኛው በረኪና ነው። አንዳንድ አሠልጣኝ «ጠንካራ ቤዝ ነው» ብሎ ያመጣዋል። በረኪና ቀለሙን ያጠፋዋል እንጂ አይለየውም፤ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ወደ ክፍሉ ጨርሶ አይግባ።

ይህ ክፍል ስለ ውሃ ለማውራትም ይመቻል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ በብዙ ቦታ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ያከማቸዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ። ብቻ አሠልጣኟ የጥርስ ፎቶ ይዛ አትምጣ፣ «ጥርሱ የበለዘ ሰው ታውቃላችሁ?» ብላም አትጠይቅ። ያቺ ልጅ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ይሆናል።

የሎሚው ባትሪ አልበራ አለን። ምን አጠፋን?

ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። የኤልኢዲዋ እግሮች ተገልብጠዋል፤ ረጅሙ እግር ወደ መዳቡ ይዞራል። ወይም ነጭ ኤልኢዲ ተገዝቷል፤ ነጭ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፣ ቀይ ግን ከ2 ቮልት በታች ይበቃዋል። ወይም ምስማሩና መዳቡ ሎሚው ውስጥ ተነካክተዋል። ወይም በርቷል፣ ግን ክፍሉ ብሩህ ስለሆነ አልታየም፤ በእጅ ከልላችሁ እዩት።

አንድ ሎሚ 0.9 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ የሚያስተላልፈው ጅረት ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ አራት ሎሚ በተከታታይ ይያያዛል። ምስማሩ የቆርቆሮ ምስማር ይሁን፣ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ። መዳቡ ከኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ ይወጣል። ሎሚውን ከመውጋት በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ማሸት ውስጡን ያረጥበዋል። 48 ሎሚ፣ 60 ምስማር፣ አራት ሜትር ገመድ፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት 20 ቀይ ኤልኢዲና አንድ ቴስተር ግዙ። ያገለገለው ሎሚ አይበላም፤ ዚንክ ሟሙቶበታል። ይህን ለልጆቹም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ንገሩ።

ባሕረ ሐሳብ ለሒሳብ ክፍል ይሆናል?

በጣም ይሆናል፣ የቀሪ ስሌት እንደሱ የሚጥምበት ቦታ የለም። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ለማግኘት 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ፤ 2018 ከሆነ 7518። ይህን ለ4 ስታካፍሉ ድርሻው 1879 ነው። ሁለቱን ደምሩ፣ 9397፤ ለ7 አካፍሉ፣ ቀሪው 3። ቀሪ 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ ስለሆነ 3 ሐሙስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን የልደት ዓመት ሲያሰሉ ክፍሉ ይንጫጫል።

ቀጥሎ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ወደሚወጣባቸው ቁጥሮች፣ ወደ አበቅቴና መጥቅዕ ይኬዳል። 7518 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ተካፍሎ ቀሪው 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ቀሪው 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30። «በሌላ ዓመትስ 30 ይመጣል? ለምን?» የሚለው ጥያቄ የክፍለ ጊዜው ልብ ነው። መልሱ ከ11 እና 19 ድምር ውስጥ ስላለ አሠልጣኟ ቸኩላ አታውጣው፤ አሥር ደቂቃ ዝም ትበል። ወንበሩ 0 የሚሆንበትን ዓመት የምታነሳ ልጅ ከተገኘች ደግሞ ክፍሉን ለእሷ መልቀቅ ነው።

ተማሪዎቹ ከተለያየ እምነት ስለሆኑ ትምህርቱ ቀሪ ማስላት መሆኑ መግቢያው ላይ ይነገር፤ የጾምና የበዓል ዝርዝር ውስጥ አይገባ። ከዚሁ ጎን የሲዳማ አያንቶዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የፊቼ ጫምባላላን ቀን መቁረጣቸውን ማንሳት ጥሩ ነው። በዓሉ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አያቷ ዘንድ ሄዳ ስለ ቀን አቆጣጠሩ የምትጠይቅ ልጅ በእርግጥ ትኖራለች።

ዲኤንኤ ከሙዝ በቤት ዕቃ ይወጣል?

ይወጣል፣ አልኮሉ ትክክል ከሆነ። ግማሽ የበሰለ ሙዝ በፕላስቲክ ከረጢት ይደቅቃል። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሻይ ማንኪያ ላርጎ ቀስ ተብሎ ይበጠበጥና ሙዙ ላይ ይፈሳል፤ ሁለት ደቂቃ ታሽቶ በሻሽ ይጠለላል። ከዚያ ብርጭቆውን አዘንብሎ፣ በግድግዳው በኩል፣ የዚያኑ ያህል ቀዝቃዛ አልኮል ማውረድ ነው። ነጭ ጭረት የመሰለ ነገር በሁለቱ ፈሳሽ ድንበር ላይ ይሰበሰባል፤ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይጠቀለላል።

ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ደካማ ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ ፈልጉ። አንድ ሊትር ለሦስቱ ዙር ይበቃል። ዓርብ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ይደር፤ ቅዳሜ በበረዶ ሳጥን ይምጣ። ሙቅ አልኮል ውጤቱን ያደክመዋል። ከሁሉ በላይ ልጆቹ ሲቸኩሉ ብርጭቆውን ይነቀንቁታል፤ በአረፋ ይሞላና ምንም አይታይም። በዚህ ክፍል ሻማም ክብሪትም አይኖርም፣ መስኮቱም ይከፈታል።

የድልድዩስ?

ለጠረጴዛ አሥር ኤ4 ወረቀትና 50 ሳንቲ ሜትር ፕላስተር፤ ሁለት ወንበር በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ክብደቱ የታሸገ ግማሽ ሊትር ውሃ ነው። 80 ግራም የሚባለው ኤ4 አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፣ አሥሩ 50 ግራም። አንድ ጠርሙስ ብቻ የተሸከመ ድልድይ እንኳ የራሱን አሥር እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ወረቀቱን ጠፍጣፋ የሚያነጥፉ ቡድኖች ይወድቃሉ፣ የጠቀለሉና ያጠፉ ይቆማሉ። ከወደቀ በኋላ ሁለተኛ ዕድል ስጧቸው፤ ትምህርቱ ያለው ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው።

ከፍታ መለካት በጥላ አይቀልም?

በቀትር አይሠራም። ሀዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ስለሆነች በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ትሆናለች፣ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ፕሮትራክተር፣ ስትሮ፣ ክርና ክሩ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ዳዶ ይበቃል። ከዛፉ 20 ሜትር ርቃ 30 ዲግሪ ያነበበች ልጅ 20 በ0.577 አባዝታ 11.5 ሜትር ታገኛለች፤ የዓይኗ ከፍታ 1.5 ሜትር ሲጨመር 13 ሜትር። ስህተቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ክሩ ያረፈበትን 60 ይወስዱና ከ90 መቀነሱን ይረሳሉ፣ የዓይን ከፍታውንም ይረሳሉ። ሦስት ቡድን አንዱን ዛፍ ለክቶ ውጤቱን ያነጻጽር።

ስንት ሰው ያስፈልጋል? አበልስ?

ለየክፍሉ አንድ አሠልጣኝና አንዲት ረዳት፣ ለየቡድኑ አንዲት አጃቢ፤ ይህ 18 ነው። ለምዝገባ ሁለት፣ ለምግብ ሁለት፣ ለመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ለዕቃና ለሰዓት ጠባቂነት አንድ አንድ ሰው፣ አንድ ዋና አስተባባሪና አንድ ተላላኪ ሲጨመር 27። ረዳትና አጃቢ ከዩኒቨርሲቲ የ2ኛና የ3ኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ለ10ኛ ክፍል ልጅ ከፕሮፌሰር ይልቅ የ20 ዓመቷ ተማሪ ትቀርባታለች። ወንድ አሠልጣኝ ችግር የለውም፣ ረዳቷ ግን ሴት ትሁን።

ስለ አበል በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩ። ምሳና ትራንስፖርት ብቻ ከሆነ «ምሳና ትራንስፖርት ብቻ» በሉ። ዝም ካላችሁ ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ምሳ ምን ይሁን?

ለሁሉም የጾም በየዓይነቱ። ሥጋ ከገባ የክርስቲያን ነው የሙስሊም የሚለው ይነሳል፣ ጾም ከሆነ ደግሞ ሌላ ድስት ያስፈልጋል። በየዓይነቱ ሁለቱንም ይዘጋል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ከ12ቱ መምህራት ጋር 135 ሰው ነው። ለልጆች አንድ ተኩል፣ ለአዋቂ ሁለት እንጀራ ስትሉ 222 ይመጣል፤ 230 እዘዙ። ውሃ በሰው ሁለት ግማሽ ሊትር፣ ባለ 12 እሽግ ከሆነ 23 እሽግ። ሠ ክፍል ለድልድዩ ሲጠቀምባቸው አይከፈቱም፣ ተመልሰው ይጠጣሉ። የምግብ ወረፋ በሦስት ቦታ ካልተከፈለ አንድ ሰዓት አይበቃም።

ትራንስፖርት እንዴት ይከፈል?

ስምንት ልጅና አንዲት መምህርት ዘጠኝ ናቸው፣ ልክ ሦስት ባጃጅ። ራቅ ካለው ከሀዌላ ቱላ በኩል ለሚመጡት ሚኒባስ ኮንትራት ይሻላል። የደርሶ መልሱ ሒሳብ በፖስታ ታሽጎ ጠዋት ምዝገባ ላይ ለመምህርቷ ይሰጥ፣ ትፈርም። ማታ ለመክፈል ከተተወ ልጆቹ ቆመው ይጠብቃሉ።

ደረሰኝን በተመለከተ፦ ሎሚና ሙዝ የምትሸጥ እናት ደረሰኝ የላትም። የገበያ ግዢ በምን ቅጽ እንደሚወራረድ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር አስቀድሙና ተስማሙ። ለሌላው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ። ቲሸርት ገንዘብ ከተረፈ ነው፤ ቲሸርት ገዝቶ በአንድ ሎሚ አራት ልጅ የሚያጋፋ ኮንፈረንስ አይተናል።

ባለሙያ ተናጋሪዎችን ምን እንበላቸው?

ሦስት ይብቃሉ፦ አንዷ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከሆስፒታሉ፣ አንዷ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ከግንባታ፣ አንዷ ከኮምፒውተር ሥራ። ስላይድ ይከልከል። የሥራ ዕቃዋን ይዛ ትምጣና ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ የሠራችውን ትናገር። «ጠንክራችሁ ተማሩ» የሚለውን ልጆቹ በየቀኑ ሰልፍ ላይ ይሰሙታል። ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ፣ ያለ ስም፣ በካርቶን ይሰብሰብ። በቃል ከሆነ ሁለት ልጅ ብቻ ትጠይቃለች፤ በወረቀት ከሆነ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ወደቀችበት ፈተና ይመጣል።

ፖስተር ላይ የሩቁን ሰው ብቻ አትስቀሉ። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ የሆኑት፣ በ2013 በናይሮቢ የኢሲፔ (የነፍሳት ምርምር ማዕከል) ዋና ዳይሬክተርነትን የያዙት፣ በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አሉልን (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ወንዶቹ ለምን ቀሩ ሲባል ምን እንመልስ?

በተቀላቀለ ጠረጴዛ ላይ ዕቃውን ወንዱ ይይዛል፣ ውጤቱን ሴቷ ትጽፋለች። አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ቆሞ ያየ መምህር ይህን ያውቀዋል። ለትምህርት ቤቱ ደግሞ የአንድ ጠረጴዛ ዕቃ በካርቶን ስጡት፤ ሰኞ ለሳይንስ ክበቡ የሚያሳዩት ስምንቱ ልጆች ይሁኑ። ቅሬታው እዚያ ላይ ያልቃል።

ደኅንነትና የወላጅ ፈቃድ?

የፈቃድ ቅጹ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ፣ አንድ ገጽ፣ የመመለሻ ሰዓትና የአስተባባሪ ስልክ ያለበት። ፎቶ ለብቻው ይፈቀድ ወይም ይከልከል፤ ያልተፈቀደላት ልጅ ባጅ ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፍ። ማንም አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይቆይ። መጸዳጃ ቤት ሳሙና፣ ውሃ በባልዲና ሞዴስ ሳይጠየቅ ይቀመጥ፤ ሁለት ትልቅ እሽግ ይበቃል። ቃጠሎ ከደረሰ 20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

«ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ 96ቱም «አሪፍ ነበር» ይላሉ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ዛሬ በእጅሽ ምን ሠራሽ? ያልገባሽ ምንድን ነው? ቤት ገብተሽ ለማን ታሳያለሽ? ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ከመጣ ልጆቹ ፈርተዋል ወይም ሥራው ቀሏቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ አጃቢዎቹን ጠይቁ። የ10ኛ ክፍሎቹን ስም ለየትምህርት ቤቱ ተጠሪ መምህርት ስጡና በመስከረም፣ 11ኛ ክፍል ሲመደቡ፣ ስንቶቹ ተፈጥሮ ሳይንስ እንደገቡ አንድ ስልክ ደውሉላት።